ሦስት ጣት

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አሠልጣኟ የእህቷን ልጅ ዳሌ በሁለት እጇ ወደ ታች ስትጫን «ቋ» የሚል አጭር ድምፅ ሰማች። ልጅቱ አንድ እግሯን ወደፊት፣ አንዱን ወደኋላ ዘርግታ ስፕሊት ወርዳለች፤ የፊት እግሯ ተረከዝ በእንጨት ሣጥን ላይ ተሰቅሏል፤ ሁለት መዳፏን ግራና ቀኝ ወለሉ ላይ ተክላለች። ድምፁ ከሣጥኑ ሊሆን ይችላል፤ ከልጅቱም ሊሆን ይችላል። አሠልጣኟ ከሣጥኑ ነው ብላ ወሰነች። ሣጥኑ አሮጌ ነው፣ ምስማሩ ላልቷል፣ ደግሞም የጂምናስቲክ ልጆች ምርጫው ቅዳሜ ነው። ሰው ሲቸኩል ውሳኔ አይቸግረውም።

«አመመሽ እንዴ?» አለች፣ እጇን ሳታነሣ።

«አይ» አለች ልጅቱ። ፊቷን ወደ ወለሉ ደፍታው ስለነበር አይታይም።

«በይ፣ ሠላሳ ቁጠሪ።»

ልጅቱ ሠላሳ ድረስ ቆጠረች። ከአሥራ ስድስት ቀጥታ ወደ አሥራ ስምንት ሄደች። ሌላ ቀን ቢሆን «ከአንድ!» ተብላ እንደገና ትጀምር ነበር። ያን ቀን ግን አሠልጣኟ መዝለሏን ሰምታ ዝም አለች።

ልጅቱን በአዳራሹ ያለ ሰው ሁሉ ፌንጣ ይላታል። ዕድሜዋ አሥራ ሦስት ነው። ስምንት ዓመት ሳይሞላት ነበር ስፕሊት መሬት ለመሬት የወረደችው፤ ያኔ «አጥንት የላትም» ይሏት ነበር። አጥንት እንዳላት የታወቀው ባለፈው ዓመት ነው። ባንድ ዓመት ውስጥ ስንዝር ሙሉ ተመዘዘች። አጥንቷ ቀድሞ ሄደ፣ ሥጋዋና ጅማቷ ኋላ ቀሩ፤ የገዛ እግሯ የተዋሰችው ልብስ ይመስል አልበቃት አለ። መሬት ይነካ የነበረው ጭኗ ከመሬት ተነሣ። አሠልጣኟ በየማለዳው ተንበርክካ እጇን በልጅቱ ጭንና በወለሉ መካከል ታሾልካለች። ሦስት ጣት። አምስት ወር ሙሉ፣ ሲጨመርም ሲቀነስም ሳይታይ፣ ሦስት ጣት።

ከዚህ አዳራሽ ወደ ማሠልጠኛ ማዕከሉ የሚወሰደው አንድ ልጅ ብቻ ነው። እዚያ መኝታውም፣ ትምህርቱም፣ ሐኪሙም፣ በወጉ የተሞላ ፍራሹም አለ። መራጮቹ በያዙት ቅጽ ላይ የመጀመሪያው መስመር ስፕሊት ነው። ጭን ከመሬት ከተነሣ ብዕሩ ወዲያው ወደሚቀጥለው ልጅ ያልፋል፤ የኋላው ትርዒት እንደ ወፍ ቢበሩበትም ማንም ቀና ብሎ አያይም። ይህን ፌንጣ ታውቃለች፣ እናቷ ታውቃለች፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ አክስቷ ታውቃለች።

አክስትየዋ አርፋ የማትቀመጥ ሴት ናት። ወንበር አላት፤ ወንበሩ የሚያውቀው ግን ጃኬቷን ብቻ ነው። እሷ ፍራሹን ትዞራለች፣ የግድግዳ መሰላሉን ትነካለች፣ ሰዓቷን ታያለች፣ እንደገና ትዞራለች። ልጆቹ በሌለችበት ሽክርክሪት ይሏታል። እንደምታውቅ ያውቃሉ፤ ቢሆንም ይሏታል። መጫንን የተማረችው ከገዛ አሠልጣኟ ነው። ሰውየው ልጆቹን በጀርባቸው አጥፎ ወገባቸው ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነብ ነበር፤ የስፖርቱን ዜና ብቻ ቢሆን ደግ፣ የጨረታውን ማስታወቂያም ጭምር። «እኛም እንዲህ ሆነን ነው ያደግነው» ትላለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

በአዳራሹ ውስጥ አንድ ሌላ ሰው አለ፤ የጡንቻ ማጠንከሪያ አሠልጣኙ ጋሼ። በወጣትነታቸው ክብደት ያነሡ ነበር፤ አሁን ከወንበር ሲነሡ ጉልበታቸው ይንቋቋል፣ ልጆቹም ይስቃሉ፣ እሳቸውም ይስቃሉ። አንድ ሕግ አላቸው፤ የተዘረጋ እግር ሁሉ ይነሣል። ከመለጠጥ በኋላ ልጆቹ በጀርባቸው ይተኛሉ፣ አንድ ተረከዛቸውን ሣጥን ላይ አድርገው በዚያች እግር ብቻ ዳሌያቸውን ከመሬት ያነሣሉ፤ በየእግሩ አሥር ጊዜ። «እግር በር አይደለም፣ ከፍተሽ የምትተዪው» ይላሉ። «የከፈትሽው ሥጋ ራሱን መያዝ አለበት።»

በዚያ ሳምንት ግን አሠልጣኟ የማንሣቱን ጊዜ ለመለጠጡ ሰጠችው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ ልጄ» አሉ ጋሼ ሰኞ ዕለት።

«እንቁላሉ ቅዳሜ ቀጠሮ የለበትማ፣ ጋሼ!» አለች።

ጋሼ ሳቁ፣ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ፌንጣ እንደ ወትሮዋ ስፕሊት ወረደች። አሠልጣኟ ተንበርክካ እጇን ልታሾልክ ሞከረች። አልገባም። በአንድ ጣት ሞከረች፤ አንድ ጣትም አልገባም። ጭኑ ከወለሉ ጋር ገጥሟል። ዝቅ ብላ በጉንጯ ተደፍታ አየች፤ ብርሃን የሚባል ነገር በመሃል አያልፍም።

«ነክቷል!» ብላ ጮኸች። ልጆቹ ከያሉበት ሮጠው መጡና አጨበጨቡ። እሷም አጨበጨበች። በስድስት ዓመት ውስጥ ለፌንጣ አጨብጭባ አታውቅም፤ ለእህቷ ልጅ ታደላለች እንዳይሏት ብላ ምስጋናን ከሌሎቹ ልጆች ይልቅ እሷን ስትነፍግ ነው የኖረችው። ፌንጣ ከወለሉ ሆና ቀና ብላ አየቻትና ሳቀች። ከንፈሯ አመድ መስሎ ነበር። አሠልጣኟ ሳቁን አየች፣ ከንፈሯንም አየች፤ ለጊዜው በልቧ ያስቀመጠችው ሳቁን ነው።

ወዲያው ለእህቷ ደወለች። እህቷ በአውቶብስ መናኸሪያ ቲኬት ትቆርጣለች፤ ስልክ የምታነሣው ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ይዛ፣ ለተሳፋሪም መልስ እየሰጠች ነው።

«እትዬ! ነካች እኮ!»

«ማን? ምን ነካት?»

«መሬት ነዋ! ስፕሊቱ! ሦስቱ ጣት ጠፋ!»

«እልልልል!» አለች እህቷ፣ ወረፋው ላይ ያሉት ሰዎች እስኪደነግጡ ድረስ። ከዚያ «በልታለች ግን?» ብላ ጠየቀች። ዓለም ብትገለበጥ መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነው።

አሠልጣኟ ስልኩን ዘግታ ፍራሹን አንድ ጊዜ ዞረች፣ ሁለት ጊዜ ዞረች። ሦስተኛው ላይ ቆመች።

ሥጋ ባንድ ሌሊት ሦስት ጣት አይሰጥም። ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ቆይታለች፤ አንድ ጣት ለመውረድ ሁለት ወር እንደሚፈጅ፣ እሱም እየተለመነ እንደሆነ አሳምራ ታውቃለች። የተወጠረ ገመድ ድንገት የሚረዝመው መቼ እንደሆነም ታውቃለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ማወቁንስ ታውቀዋለች፤ ግን «ምናልባት ደርሶላት ይሆናል፣ አምስት ወር እኮ ለፋን» እያለች ራሷን ታባብላለች። ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ የማይወስዳት አውቶብስ ላይ ተሳፈረች። ሦስት ፌርማታ ካለፈች በኋላ ነው የነቃችው። ወርዳ ተመለሰች፤ ቤቷ ገብታ የታጠበውን ሰሃን እንደገና አጠበች፤ ጫማዋን ፈታች፣ አሠረች፣ ፈታች።

መፈተኛው ቀላል ነው። የጋሼ ሥራ አለ። ፌንጣን «ተኚ፣ ተረከዝሽን ሣጥን ላይ፣ ዳሌሽን አንሺ» ቢሏት ነገሩ በግማሽ ደቂቃ ይለያል። ጅማቱ ደህና ከሆነ ትነሣለች። ካልሆነ አትነሣም። ግማሽ ደቂቃ! አሠልጣኟ ሐሙስ ጠዋት ልትጠይቃት አስባ መጣች፤ ስትደርስ «ዛሬ ትረፍ፣ ጉልበቷን አላድክምባት» አለች። ሐሙስ ከሰዓት ደግሞ «ነገ ይደርሳል» አለች። ካላወቀች ቅዳሜ ይሆናል። ካወቀች አይሆንም። ልዩነቱ ይኸው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ዐይኗ እያየ ላለማወቅ ትሮጣለች።

ዓርብ ጋሼ ከልጆቹ ጀርባ ቆመው ቆዩና ወደ እሷ ተጠጉ።

«ፌንጣ ምነው ባንድ ጎኗ ትቀመጣለች?»

ፌንጣ አግዳሚው ወንበር ላይ ውሃ ትጠጣለች። የግራ መቀመጫዋን ከእንጨቱ አንሥታ በቀኟ ብቻ ነው የተቀመጠችው።

«ልጅ ናት፣ እንዳሻት ትቀመጥ» አለች አሠልጣኟ።

«ዛሬም ማንሣት የለም?»

«የለም አልኩ እኮ ጋሼ! ቅዳሜ ይለፍና ሺህ ጊዜ ያስነሷት!»

ድምፅዋ ከፍ ብሎ ወጣ፤ ልጆቹ ዞረው አዩ። ጋሼ «እሺ፣ አለቃዋ አንቺ ነሽ» ብለው ክብደቶቹን ወደ ጥግ መሰብሰብ ጀመሩ። ከእሳቸው ጋር ስትጣላ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ይቅርታ ልትላቸው ፈለገች፤ ግን ይቅርታ ከጠየቀች የሚቀጥለው ጥያቄ እንደሚመጣ ስለገባት ምላሷን ዋጠች።

ከአዳራሹ ሲወጡ አሥራ አንድ ደረጃ አለ። ፌንጣ ወትሮ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ነው የምትወርደው። ያን ቀን የብረቱን ድጋፍ ይዛ፣ እንደ ሕፃን፣ አንዱን ደረጃ በሁለት እግሯ እየረገጠች ወረደች። አሠልጣኟ የመጀመሪያውን ደረጃ ስትወርድ አየቻትና ፈጥና ቀድማት ሄደች። ከታች ሆና «ቶሎ በይ እንጂ!» አለች፣ ወደ መንገዱ እያየች።

ቅዳሜ ደረሰ። ምርጫው የሚደረግበት አዳራሽ ትልቅ ነው፤ በኮሪደሩ ላይ ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች ጀርባቸው ላይ ቁጥር ለጥፈው ግድግዳ ሥር ተዘርግተዋል፤ እናቶች ፀጉር ይጎነጉናሉ፣ አባቶች የማይገባቸውን ምክር ይሰጣሉ። የፌንጣ ቁጥር አሥራ አራት ነው። አሠልጣኟ ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ስትመላለስ ዘበኛው «እሜቴ፣ ወለሉ አለቀ እኮ» ብሎ ቀለደባት። አልሳቀችም።

እህቷ ፈረቃ ለውጣ መጣች። የሥራ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም። ልጇን አቅፋ ግንባሯን ሳመቻት፣ ከቦርሳዋ ዳቦ አወጣች፣ «አሁን አልበላም» ስትባል መልሳ ከተተች። ከዚያ ወደ አሠልጣኟ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ስሚማ፣ ይቺ ልጅ ራሷን ያማታል እንዴ? የማስታገሻ ክኒኔ ጠፋብኝ ብዬ ስፈልግ ባዶ ማሸጊያውን ከትራሷ ሥር አገኘሁት። አሥሩንም ጨርሳዋለች።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እኔ እንጃ። ማክሰኞ ሙሉ ነበር።»

 ከእንግዲህ ወዲያ አሠልጣኟ የምትሮጥበት ቦታ አልነበራትም።

«አሥራ አንድ ቁጥር!» ሲል ተጣሪው ከበሩ ላይ ጮኸ።

የፌንጣን ክንድ ይዛ ወደ ሰውነት ማፍታቻው ክፍል ወሰደቻት። ማንም አልነበረም። በግድግዳው ሥር ዝቅ ያለ አግዳሚ ወንበር አለ።

«ተኚ።»

ፌንጣ ወንበሩን አየች፣ አክስቷን አየች። ገባት።

«አሁን? ልጠራ እኮ ነው።»

«ተኚ አልኩሽ። ቀኝ ተረከዝሽን አግዳሚው ላይ። አንሺ።»

ዳሌዋ በቀላሉ ተነሣ። በቀኝ እግሯ አሥሩንም አነሣች።

«ግራ።»

ፌንጣ ግራ ተረከዟን በእጇ ይዛ አግዳሚው ላይ አወጣችው። ትንፋሿን ሰበሰበች። ጭኗ ተንቀጠቀጠ፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ አንገቷ ላይ ሥሩ ተገተረ። ዳሌዋ ግን ከመሬት አልለቀቀም። እንደገና ሞከረች። ጣት የምታሾልክ የለም እንጂ ብትኖር ኖሮ አንድ ጣት አይገባም ነበር።

«ሦስት ደቂቃ ናት» አለች ፌንጣ ከተኛችበት፣ እንባዋ ወደ ጆሮዋ እየፈሰሰ። «አሠልጣኝ፣ በሞቴ፣ ሦስት ደቂቃ ናት። ክኒኑን ወስጃለሁ። ስፕሊቱ እኮ ይወርዳል፣ አንቺ ራስሽ አየሽ። ሲያልቅ እነግራቸዋለሁ። ከገባሁ በኋላ እዚያ ሐኪም አለ፣ ያድኑኛል።»

«አሥራ ሁለት ቁጥር!»

እውነቱን ለመናገር፣ አሠልጣኟ አሰበችበት። ቆማ አሰበችበት። የተበላሸው ተበላሽቷል፤ ስፕሊቱ ይወርዳል፤ መራጩ ይጽፋል፤ የማዕከሉ ሐኪም ከእሷ መንደር ሐኪም ይሻላል። ሁሉም እውነት ነው። ከስፕሊቱ ቀጥሎ ደግሞ በአየር ላይ የሚዘለል ዝላይ አለ፤ የሚያርፈውም በግራ እግር ነው። ያን ዝላይ ያቀናበረችው ራሷ ናት። ልጅቱ በአየር ላይ ሆና ታየቻት፣ ስታርፍም ታየቻት።  የገዛ ልጇ ብትሆን እንዲህ ቆማ ታሰላ እንደነበር ራሷን ጠይቃ አፈረች።

ጎንበስ ብላ ልጅቱን ደግፋ በቀኝ ጎኗ አስቀመጠቻትና ከጀርባዋ ላይ የቁጥሩን መርፌ ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታች። ፌንጣ እጇን ይዛ ከለከለቻት፤ ኋላ ለቀቀቻት።

የመዝጋቢዋ ጠረጴዛ ላይ ቁጥሩን አስቀመጠች። «አሥራ አራት ወጥታለች» አለች።

«ምክንያት?»

«ጉዳት።»

«መቼ የደረሰ?»

«በቅርቡ» አለች፤ መዝጋቢዋም «በቅርቡ» ብላ ጻፈች።

ክሊኒኩ ከአዳራሹ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ የራጁን ፎቶ ብርሃን ባለው ሰሌዳ ላይ ሰቅሎ በእስክሪብቶው ጫፍ አሳያቸው። የጭን የኋላ ጅማት ከመቀመጫ አጥንቷ ጫፍ ላይ ተነቅሏል፤ ሲነቀልም የአጥንቱን ቁራሽ ይዞ ነው የተነሣው። በዚህ ዕድሜ አጥንቱ ከጅማቱ ይለሰልሳልና እንዲህ ይሆናል አለ። ስድስት ሳምንት በክራንች። ከዚያ ብዙ ወር። ወደ ጂምናስቲክ መመለሷን ዛሬ ማንም ሊናገር አይችልም።

«ጅማቱ ከተለቀቀ እኮ እግር እንደ ልብ ይዘረጋል» አለ ሐኪሙ፣ እንደ ቀልድ። «የሚይዘው የለማ።»

ፌንጣ አልጋው ጫፍ ላይ በቀኝ ጎኗ ተቀምጣ የአክስቷን እጅ ይዛለች። እናቷ ፊት ለፊት ቆማለች፤ እንባዋን በሥራ ልብሷ እጅጌ ትጠርጋለች።

ሐኪሙ ብዕሩን አነሣ። «መቼ ነው የሆነው? ብዙ ጊዜ ድምፅ አለው። አጠገብ ያለ ሰውም ሊሰማው ይችላል።»

«ሐሙስ» አለች ፌንጣ ቶሎ ብላ። «ብቻዬን ስሠራ። አሠልጣኝ አልነበረችም። እሷ ምንም አታውቅም።»

እናቷ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። «ልጄን፣ ምን ቢያቀብጥሽ ነው ብቻሽን!» አለች። ወደ ታናሽ እህቷም ዞራ ትከሻዋን ዳሰሰቻት። «አይዞሽ። አንቺም ደነገጥሽ።»

ነገሩ እዚህ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር። ሐኪሙ ሐሙስ ብሎ ይጽፋል፣ ሦስቱም ታክሲ ይዘው ወደ ቤት ይገባሉ፣ ፌንጣም አፏን ዘግታ ታድጋለች። አሠልጣኟ በትከሻዋ ላይ ያለው የእህቷ እጅ ከበዳት።

«ማክሰኞ ነው» አለች። «እኔ ስጫናት። ሰምቻለሁ።»

እህቷ እጇን አነሣች። «ምኑን?»

«ድምፁን። ቋ ሲል። ሣጥኑ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

 መጀመሪያ የተናገረችው ፌንጣ ናት።

«ሰምተሽ ነበር?»

«አዎ።»

«እኔ እኮ አልሰማሽም ብዬ ነው የደበቅኩሽ» አለች ልጅቱ። ግራ በመጋባት እንጂ በቁጣ አልነበረም። «እንደዚያ ደስ ሲልሽ አይቼሽ አላውቅም። እንዳይጠፋብሽ ብዬ ነው።»

«ሰምቼ ነው ደስ ያለኝ» አለች አሠልጣኟ።

ፌንጣ እጇን ከአክስቷ እጅ ውስጥ ቀስ ብላ አወጣችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። እናቷ ተንበርክካ የልጇን ጫማ ታጠልቅላት ጀመር፤ ግራውን ለብቻው፣ ሳትነካካው፣ ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ሲያልቅ ቀና ብላ ክራንች የሚሰጠው የትኛው ክፍል እንደሆነ ሐኪሙን ጠየቀች፤ ወደ እህቷ ግን አልዞረችም።